ኮረፌ አያኮርፍም

ተራራና ቢራ ከተጋቡ ቆይተዋል። አሜሪካ ውስጥ ቦልደር፣ አሽቪል፣ ቤንድ የሚባሉ፣ ተራራ ሥር የተቀመጡ ከተሞች አሉ። ሰው ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይውልና ሲመሽ የጫማውን ጭቃ አራግፎ የሚገባው እዚያው ሰፈር ቢራ ወደሚጠመቅበት ቤት ነው። የዚያ ቤት ቢራ እዚያው ተጠምቆ፣ ባብዛኛው እዚያው ተጠጥቶ ያልቃል። ነገሩን "ክራፍት ቢራ" ይሉታል። ዴንቨርና ዲሲ ያሉ ዘመዶቻችን ፎቶውን ይልኩልናል፦ የሚያብረቀርቅ በርሜል፣ በጠመኔ የተጻፈ የቢራ ዝርዝር፣ ጺሙን እንደ ባሕታዊ ያንዠረገገ ጠማቂ። ከፎቶው ሥር ሁሌም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ "ምነው እናንተም ብታዩት!"

እሺ፣ እንየዋ።

"ክራፍት" ለመባል ምን ያስፈልጋል? የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር ዋና ዋና መስፈርቶች ሁለት ናቸው፤ ጠማቂው አነስተኛ ይሁን፣ በትልልቆቹ የመጠጥ ኩባንያዎች እጅ አይሁን። ሌላውን ጠማቂው ራሱ ይጨምርበታል፤ በእጅ የተሠራ ነው፣ እህሉ የአካባቢው ነው፣ የእኔ ቤት ጣዕም ከጎረቤቴ አይገኝም ይላል። በዚህ ሚዛን ከተኬደ፣ የሰሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከእነ ቦልደር ጎን የምትሰለፍ የክራፍት ከተማ ናት። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የደባርቅ ጠማቂ ጺም የላትም። ሻሽ ነው ያሰረችው።

ጥር 2015፣ ደባርቅ

"እኛ" የምንለው አራት ነን፤ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ። አንድ ክፍል ተቀምጠን ጋዜጠኝነት የተማርን፣ ከተመረቅን በኋላ ግማሻችን በሙያው፣ ግማሻችን ደግሞ "ሶሻል ሚዲያ ማናጀር" በሚባል ነገር የምንተዳደር። በጥር 2015 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር አከበርንና "እዚህ ድረስ መጥተንማ ሰሜንን ሳናይ አንመለስም" ብለን ሚኒባስ ተሳፈርን። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጊዜውን አስታውሱ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። በ2013 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ጎረቤት ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሶ ነበር። ደባርቅ ተፈናቃይ አስጠልላ የከረመች ከተማ ናት። እኛ ስንደርስ ሆቴሎቿ ገና ትራሳቸውን እያራገፉ፣ አስጎብኚዎቿ ገና ስልካቸውን እያዩ ነበር። ጠዋት ጠዋት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ከእንግዳው ይልቅ እንግዳ የሚጠብቀው ይበዛል።

ከተማዋ የምትኖረው በተራራው ነው። የፓርክ መግቢያ የሚከፈለው እዚያ ነው፣ አስጎብኚ የሚያዘው እዚያ ነው፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት የሚመደበውም፣ በቅሎ የሚከራየውም እዚያ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነው። በ1989 ዓ.ም. "አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2009 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት።

ሳንቃበር አደርን፣ ግጭ አደርን፣ ጨነቅ አደርን። እመት ጎጎ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠን በቃላት የምንተዳደር አራት ሰዎች ለሃያ ደቂቃ አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ጭላዳ ዝንጀሮዎች እንደ ዕድርተኛ ተሰብስበው ሣር ሲነጩ አየን። ሌሊቱን የነበረንን ልብስ ሁሉ ለብሰንም ጥርሳችን ሲፋጭ አደረ። ስለ ተራራው ብዙ ተጽፏልና እኛ የምናወራችሁ ከተራራው ስለ ወረድንበት ማታ ነው።

የተደፋ ጣሳ

በአራተኛው ቀን ደባርቅ ስንገባ ከንፈራችን ተሰነጣጥቋል፣ አቧራው ቅንድባችን ላይ ሠፍሯል። ሆቴሉ ቢራ አለው። ዳሽን። ቢራው ስሙን የወሰደው ከራስ ደጀን፣ በፈረንጅ አፍ "ራስ ዳሽን" ከሚባለው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ ነው። ጎንደር ተጠምቆ በመኪና ሽቅብ ይመጣል። እንግዲህ ተራራው ስሙን ቁልቁል ይልካል፤ ቢራው ደግሞ ሽቅብ ይላክለታል።

አራቱን ቀን አብረውን የዋሉት ስካውት፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ሆቴሉ በር ላይ ቆም አሉ። "ልጆች፣ ቢራ ከፈለጋችሁ ይኸው ነው። የደባርቅን ከፈለጋችሁ ግን ተከተሉኝ።"

ተከተልናቸው።

ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከአጥር በላይ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ቆሟል። ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ማስታወቂያው ይህ ነው። ጥቁር ሰሌዳም ጠመኔም የለም፤ ጣሳው ከተሰቀለ መጠጥ አለ፣ ከወረደ አልቋል። አዲስ አበባ ላይ ስንት ሎጎ ሠርተን ስንት ጊዜ "ይሻሻል" የተባልን ሰዎች፣ እንጨቱን ቀና ብለን አይተን ዝም አልን።

ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው። ዙሪያውን መደብ፣ መደቡ ላይ አጎዛ፣ መሐል ላይ ምድጃ። ጋቢ የደረቡ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሰባት ስምንት ወንዶች ተቀምጠዋል። ሱሪ የለበሱ ሦስት ሴቶች ሲገቡ ጨዋታው ቆመ። ዝምታው ረዘመ። ነገሩን ልብ በሉልን፤ ጠማቂዋ ሴት ናት፣ ቀጂዋ ሴት ናት፣ ሒሳብ ያዧም ሴት ናት። መደቡ ላይ የምትቀመጥ ሴት ስትመጣ ነው ቤቱ የሚደነግጠው።

ዝምታውን የሰበሩት ባለቤቷ ናቸው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ እትዬ እንበላቸው። "ምን ታፈጣላችሁ? ቤቱ የማን ነው?" አሉ ለወንዶቹ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው "ኑ ልጆቼ፣ እሳቱ ጋ ጠጋ በሉ፤ ብርድ ገድሏችኋል።" አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልን፤ ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ።

እትዬ ከእንስራው ቀድተው ጥቂት መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱት። ይህ ሥርዓት ነው፤ ቀጂ ሳትቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ከዚያ ጣሳ ጣሳችንን አስያዙን። ወፍራም ነው፣ ቡናማ ነው፣ አናቱ ላይ አረፋ ደፍቋል። መጀመሪያ የተቆላ ገብስ ይሸታል፣ ቀጥሎ ጭስ። አፍ ውስጥ ሲገባ ጎምዘዝ ይላል፤ ከዋጡት በኋላ የጌሾው ምሬት ቀስ ብሎ ይመጣና ምላስ ሥር ይቀመጣል። ቀዝቃዛ ቢራ ጥም ይቆርጣል፤ ይኼኛው ግን ራትም ነው።

"ጠላችሁ ግሩም ነው" አላቸው ወንዱ ጓደኛችን።

እትዬ ሳቁ። "ጠላ አይደለም የኔ ልጅ፣ ኮረፌ ነው። ስሙ ኮረፌ ይባል እንጂ አያኮርፍም። ያኮረፈውን ነው የሚያስታርቅ።"

ሦስት ወር የጠበቀ ጋን

ኮረፌ የጎንደርና የአካባቢው ነው፤ አዲስ አበባ ቢያፈላልጉት በቀላሉ አይገኝም። እትዬ አሠራሩን እሳቱን እየቆሰቆሱ ነገሩን። ገብሱ ተፈትጎ ውኃ ውስጥ ያድራል። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውኃ ጋር ይቦካል። ቡኮው ጋን ውስጥ ታሽጎ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ገበያ ሲደርስ ወይም እንግዳ ሲመጣ የሚበቃው ያህል ይወጣለትና ውኃ ይጨመርበታል፤ በነጋታው ይጠጣል።

አንዳችን በጣቷ ቆጠረች። ጥር፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት። የያዝነው ኮረፌ የተጣለው ጥቅምት ላይ፣ ስምምነቱ ሊፈረም ሲል ነው ማለት ነው። እትዬ ያንን ጋን ሲያሽጉ የሚጠጣው ሰው ይመጣ እንደሆነ አያውቁም ነበር። "ታዲያ እንዴት ጣሉት?" አልናቸው። "ባልጥለውስ?" አሉን። "ሰው ቢመጣ ምን ላቀርብ ኖሯል?"

በነጋታው ጋሼ ሁለት ጠላ ቤት ጨመሩልን። ጠላ ሥራው ሌላ ነው። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠብና በወይራ ይታጠናል። ተወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚነከረው ጌሾ ጥንስሱ ነው። ብቅሉ ይገባል፣ ቂጣው ይገባል፣ ተቦክቶ ምጣድ ላይ የሚታመሰው እንኩሮ ይከተላል። ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ይሞላበታል፤ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚጠጣ የምታውቀው ጠማቂዋ ብቻ ናት። አታስተውሉም ይሆናል እንጂ፣ እዚህ ውስጥ ከሱቅ የተገዛ እርሾ የለም። እርሾው ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከጋኑ ግድግዳ ራሱ ይነሣል። አሜሪካ ያሉ ጠማቂዎች ይህን "የዱር እርሾ" ብለው ጠርሙሱ ላይ ይጽፉና ዋጋ ይጨምሩበታል። ጀርመን ባምበርግ የምትባል ከተማ ደግሞ ብቅሉን በጭስ አድርቃ በምትጠምቀው ቢራ ስሟ የታወቀ ነው። የደባርቅ ሴት ጋኑን ነው የምታጥነው።

የመጀመሪያዪቱ ቤት ጠላ ጠቆር ያለ፣ ወይራው ፊት ፊት የሚል ነው። እንኩሮውን አጥብቃ ስለምታምሰው ነው አሉ። ከሁለተኛዪቱ ቤት የቀመስነው ሳሳ ያለ፣ ጌሾው የሚነክስ። የሁለቱ ቤት አጥር አንድ ነው፣ ውኃቸውም ገበያቸውም አንድ ነው። እጃቸው ግን ለየቅል ነው። ጋሼ የማን ቤት ጠላ እንደሆነ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚለዩ ነገሩን። አልተፈተኑም፤ ግን አመንናቸው።

"ሥራ"

ሒሳቡ ላይ ስንደርስ ሙያችን ተነሣብን። ገብስ ስንት፣ ጌሾ ስንት፣ ማገዶ ስንት እያልን እትዬን ጠየቅናቸው። ጌሾው ከቆላማው ወገን በነጋዴ እጅ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ሲዘጋ ዋጋው ይወጣል። ወይራ እንደ ድሮ አይገኝም። ውኃው ይቀዳል። አልፎ አልፎ ጋን ሙሉ መጠጥ ይሆመጥጥና ይደፋል። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሩን። መጨረሻ ላይ "የእርስዎስ ድካም?" ስንላቸው እንደ ቀልድ አዩን። "እሱማ የኔው ነው፤ ለእሱ ማን ይከፈላል?" አሉ።

በዚሁ ሒሳብ ሦስት ልጅ አስተምረዋል። የመጨረሻዪቱ አሥረኛ ክፍል ናት፤ እኛ ስንጫወት ጓዳ ሆና ታጠና ነበር። መጥመቁን ትማር እንደሆነ ጠየቅናት። "እማዬ አትፈልግም" አለች። እናትየው ጨመሩበት፤ "ሥራ ያጣ ሰው ሥራ ነው። እሷ ሥራ ትይዛለች።"

ይህን ጊዜ ከመካከላችን አንዷ ዝም ብላ የነበረችው ተናገረች። ይህች ጓደኛችን የጠላ ቤት ልጅ ናት፤ እናቷ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠምቀው ነው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያቆይዋት። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ሲሞላላት ጸሐፊው "የእናት ሥራ?" አላት። "ጠላ ትጠምቃለች።" እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ አያትና "የቤት እመቤት" ብሎ ጻፈ። "አይ፣ ጠላ ትጠምቃለች ነው ያልኩህ" አለችው። "እሱ ሥራ አይደለም፤ ቦታ የለውም" አላት። ቅጹ እንደዚያው ሄደ።

እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ ጣሳዋን ሞሉላት። "እናትሽ እንዴት ነው ጌሾውን የሚመጥኑት?" አሏት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ግማሽ ሰዓት ያህል እኛን ረሱን።

በሌላ በኩል ይህችን ተመልከቱ። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን በደሌና ሐረር ቢራን ገዛ። በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ጋዜጦቹ ሁሉ "ኢንቨስትመንት" አሉት፤ ኢንቨስትመንትም ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ገብስ አብቅሎ፣ ጌሾ ጨምሮ፣ አፍልቶ መሸጥ በብረት ጋን ሲሆን "ኢንዱስትሪ"፣ በሸክላ ጋን ሲሆን "ቦታ የለውም" የሚባልበትን ሕግ እስካሁን ያስረዳን ሰው የለም። የሥራውን ክብደት የሚለየው የጋኑ ዕቃ ከሆነ፣ እትዬ በሚቀጥለው ዓመት ብረት ያስገቡ!

ነገሩን አናስውበው

የጠላ ቤት ሁሉ ገነት ነው አላልንም። ገበያ ቀን ጠዋት ገብተው ማታ በሰው ትከሻ የሚወጡ አባወራዎችን አይተናል፤ ቤታቸው የምትጠብቅ ሴትም ጠላ ጠማቂ ትሆናለች። ጣሳው በደንብ ያልታጠበበት ቤት ገብተን፣ አመስግነን ወጥተናል። ማገዶው ከየት እንደሚመጣ ሲታሰብ ደግሞ፣ ፓርክ ሥር ባለች ከተማ፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ፓርኩ ራሱም ዋጋ ያስከፈላቸው አሉ። ግጭ ላይ ሰፊ መንደር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ነዋሪዎቹ ለፓርኩ ሲባል ተነሥተው ደባርቅ ሠፈሩ። ሣሩ አገገመ፣ ፓርኩም ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ከግጭ የመጡ አንዲት እናት ሁለተኛዪቱ ቤት ደጅ ላይ ተቀምጠው ብቅል ሲያሰጡ አገኘናቸው። እዚያ ላይ ገብሱ የራሳቸው ነበር፤ እዚህ በጣሳ ይገዛሉ። "ጠላው ያው ነው?" አልናቸው። "እጄ ያው ነው" አሉን፤ "ውኃው ግን የግጭ አይደለም።" እኛ በቀደም ግጭ ላይ ድንኳን ተክለን "እንዴት ጸጥ ያለ ቦታ ነው!" ስንል ነበር ያደርነው። የጸጥታው ባለቤቶች ደባርቅ ናቸው።

መንገዱ ሲከፈት

ያቺ ጥር አጭር ሆነች። ሐምሌ 2015 ላይ ክልሉ እንደገና ወደ ጦርነት ገባ፣ በሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስልክም ኢንተርኔትም መንገድም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ሰነበተ። እኛም ከዚያ ወዲህ ደባርቅን አላየናትም። ሰላም ሲጠፋ ፋብሪካ ሲቆም ዜና ይሆናል፤ እንጨት ላይ ያለ ጣሳ ሲወርድ ግን የሚዘግበው የለም። ጋዜጠኝነት ተምረናልና እኛ እንዘግበው ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

መንገዱ ሲከፈት መሄዳችሁ አይቀርም። እስከዚያው ደግሞ ተራራና ጠላ ቤት ያለው ከተማ ብዙ ነው፤ በየደረሳችሁበት የምትሞክሩትን እነሆ፦

አንደኛ፣ ከተራራ ከወረዳችሁ በኋላ ጠጡ እንጂ ልትወጡ ስትሉ አትጠጡ። ከፍታው ብቻውን ያሰክራል።

ሁለተኛ፣ ቀና ብላችሁ ሂዱ። ምልክቱ ጎግል ማፕ ላይ ሳይሆን ከአጥር በላይ ነው።

ሦስተኛ፣ እህቶች፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዝምታው ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው።

አራተኛ፣ "አልጠጣም" ማለት ይቻላል። ቆሎም አለ፣ እሳትም አለ፣ ጨዋታም አለ፤ ቅር የሚለው የለም።

አምስተኛ፣ ዋጋ አትከራከሩ። አንድ ካፑቺኖ በምንከፍልበት ሒሳብ አራት ሰው ጠጥቶ ጠግቦ ነው የወጣው። መልሱን ስንተው እትዬ አልቀበልም አሉ፤ "የድካምዎ ነው" ስንላቸው ግን ትንሽ አሰቡና መቀነታቸውን ፈቱ።

ስድስተኛ፣ ስትመለሱ ስለ ገደሉ ብቻ አታውሩ። ማን እንደጠመቀው፣ ምን እንደጨመረችበት፣ የማን ቤት ጌሾ እንደሚነክስ አውሩ። ቅጽ የሚሞላ ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ አንዲት ነገር እንለምናችሁ፦ "የእናት ሥራ" የሚለው መስመር ላይ "ጠማቂ" ብሎ ለመጻፍ ቦታው ይበቃል። ለክተነዋል።